ስካን የተደረገ ኖታን ወደሚታረም ፋይል ስለመቀየር፤ ከራሴ ልምድ

ለአንድ አነስተኛ ኳየርና አብረውት ለሚጫወቱ የትንፋሽ መሣሪያዎች ኖታ አዘጋጃለሁ። የሚደርሰኝ ኖታ ብዙውን ጊዜ ወረቀት ነው። ካልሆነም የወረቀት ፎቶ ሆኖ በፒዲኤፍ ይመጣል። የምጠየቀው ደግሞ ወረቀት የማይችለውን ነገር ነው። «አንድ ቶን ዝቅ አድርገው»፣ «የክላሪኔቱን ለብቻው አውጣልን»፣ «አልቶዎቹ ቤታቸው እንዲለማመዱበት የእነሱን መስመር ብቻ አሰማልን»። ይህን ለማድረግ ኖታው ምስል መሆኑ ቀርቶ ኮምፒውተሩ «ይቺ ጂ ናት፣ ርዝመቷም ሩብ ኖታ ነው» ብሎ የሚያውቀው ፋይል መሆን አለበት።

ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?» ጥያቄው አይከፋም። ግን ውጤቱን የሚወስነው ፕሮግራሙ ብቻ አይደለም። ለፕሮግራሙ የምትሰጡት ምስልና ስህተቱን የምታርሙበት ቅደም ተከተል ይበልጣሉ። በተለይ ቅደም ተከተሉ። እሱ ከተበላሸ አንዱን ስህተት ስታርሙ ሌላ አስር ትፈለፍላላችሁ።

ከዚያ በፊት ግን፣ ጭራሽ ስካን ማድረግ ያስፈልጋል ወይ? ሥራው የቆየና የታወቀ ከሆነ አንድ ሰው ቀድሞ ጽፎት ይሆናል። ለኳየር ሥራዎች በፈረንጆቹ 1998 የተጀመረው ሲፒዲኤል የሚባለው ነፃ የኳየር ኖታ ማከማቻ አለ። ከፒዲኤፉ ጎን የሚታረም ፋይልም የሚያስቀምጡ ብዙ ናቸው። በፈረንጆቹ 2006 የተከፈተው አይኤምኤስኤልፒ የሚባለው የኢንተርኔት የኖታ ማከማቻ ክምችቱ በጣም ሰፊ ነው፤ ግን አብዛኛው ስካን የተደረገ ወረቀት ስለሆነ ጣጣችንን አያስቀርልንም፣ ጥሩ ምስል ግን ይሰጠናል። ሙዝስኮር የሚባለው የኖታ መጻፊያ ፕሮግራምም ተጠቃሚዎች የጻፏቸውን ኖታዎች የሚያጋሩበት ገጽ አለው። እዚያ ያለው ጥራቱ እንደ ጸሐፊው ነው። አንዳንዱ ድንቅ ነው፤ አንዳንዱን ከማረም እንደ አዲስ መጻፍ ይቀላል።

ፒዲኤፍ ከደረሳችሁ ደግሞ መጀመሪያ አጉልታችሁ እዩት። 800 በመቶ ድረስ አጉሉት። መስመሮቹና የኖታዎቹ ጫፎች ጥርት ብለው ከቀሩ ፋይሉ በቀጥታ ከኖታ መጻፊያ ፕሮግራም የወጣ ነው። ጠርዛቸው ከተሸራረፈና ግራጫ ነጠብጣብ ከታየ ስካን ነው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ ፒዲኤፉን ያዘጋጀው ሰው ዋናው ፋይል በእጁ አለ ማለት ነው። በትህትና ጠይቁት። አንድ መልእክት ብዙ የሥራ ሰዓት ታድናለች። ፋይሉ ባይገኝ እንኳ እንዲህ ያለው ንጹሕ ፒዲኤፍ ሲነበብ ስህተቱ በጣም ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ስካኑ። ኖታ አንባቢው ፕሮግራም፣ ማለትም ምስሉን ወደ ኖታ ፋይል የሚቀይረው፣ እንዴት እንደሚያነብ ካወቃችሁ ምን ዓይነት ምስል እንደሚፈልግ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። መጀመሪያ አምስቱን መስመሮች ይፈልጋል። በሁለት መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ይለካል፤ ይህ ርቀት ለሌላው ሁሉ መለኪያ ይሆነዋል። የኖታ ራስ ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል፣ ዘንጉ ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል የሚገምተው ከዚያ ተነስቶ ነው። ቀጥሎ መስመሮቹን ከምስሉ ላይ ያነሳቸውና የቀሩትን ቅርጾች ይለያል። በመጨረሻም ቅርጾቹን ገጣጥሞ ትርጉም ይሰጣቸዋል። በነገራችን ላይ ይህ ሙከራ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ኮምፒውተር የታተመ ኖታ እንዲያነብ ለማድረግ የተሠራው የመጀመሪያው ጥናት በፈረንጆቹ 1966 በአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ በኤምአይቲ የቀረበ የዶክትሬት ጽሑፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ይኸው ይህን ሁሉ ዘመን ተሠርቶበት አሁንም ነጥብና ቆሻሻ ይምታታበታል።

እንግዲህ መስመሮቹ ቀጥ ያሉ፣ ያልተቆራረጡና በመካከላቸው በቂ ቦታ ያላቸው መሆን አለባቸው። እኔ የምጠቀመው 300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። የአምስቱ መስመር ጠቅላላ ቁመት 7 ሚሊሜትር ከሆነ በሁለት መስመሮች መካከል ያለው 1.75 ሚሊሜትር ነው። በ300 ዲፒአይ ይህ ወደ 20 ፒክስል ይመጣል፤ ለፕሮግራሞቹ ምቹ የሆነው መጠን እዚሁ አካባቢ ነው። በ150 ብታደርጉት 10 ፒክስል ብቻ ይቀራል፤ ሻርፕና ናቹራልን መለየት ያኔ ያቅተዋል። በሌላ በኩል 600 ብታደርጉት ይሻላል ማለት አይደለም። አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ወደ 2480 በ3508 ፒክስል ነው፤ በ600 ጠቅላላው በአራት ይባዛል። ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዱ ፕሮግራምም ምስሉ ከልክ በላይ ነው ብሎ ይመልስላችኋል። ከፍ ማድረግ የሚያዋጣው ኖታው ደቃቅ ሆኖ ሲታተም ነው፤ ለኪስ መጽሐፍ ያህል 400 እሞክራለሁ።

ቀለሙን ግራጫ አድርጉት። ብዙ ሰው «ኖታ ጥቁርና ነጭ አይደል» ብሎ ስካነሩን ጥቁርና ነጭ ላይ ያደርገዋል። ያኔ የትኛው ነጠብጣብ ጥቁር እንደሆነ የሚወስነው ስካነሩ ነው፤ እሱ ደግሞ ስለ ኖታ የሚያውቀው ነገር የለም። ቀጭኑን መስመር ይበላዋል፣ የግማሽ ኖታን ባዶ ራስ ይደፍነዋል። ግማሽ ኖታ ሩብ ሆነች ማለት ነው። ግራጫውን ስትሰጡት ግን ውሳኔውን የሚወስደው ኖታ አንባቢው ነው። ፋይሉን በፒኤንጂ ወይም በቲፍ አስቀምጡ። ጄፔግ ቦታ ለመቆጠብ ሲል በመስመሮቹ ዙሪያ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይጥላል።

በስልክ ካሜራ ማንሳትስ? ይቻላል፤ ግን የገጹ መሃል ወደ መጽሐፉ ስፌት ሲጎብጥ መስመሮቹም አብረው ይጎብጣሉ። የእጃችሁ ጥላም አለ። የግድ ከሆነ መጽሐፉን በሚቻለው ሁሉ አጋድማችሁ ዘርጉት፣ በመስኮት ብርሃን አንሱት፣ ከቅርብ ሳይሆን ትንሽ ራቅ ብላችሁ አጉልታችሁ አንሱ። ከቅርብ ሲነሳ የገጹ ጠርዞች ይጣመማሉ። ከዚያ ቀጥ የሚያደርግ የስካን አፕ ተጠቀሙ። ሌላ አንድ ነገር፦ ወረቀቱ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ካለ፣ ዋናው ወረቀት የእናንተ ከሆነ አጥፉት። «እዚህ ተንፍሱ» የሚል የጭረት ምልክት ለፕሮግራሙ ወይ እረፍት ነው ወይ አክሰንት ነው።

ወደ ፕሮግራሞቹ ስመጣ ብዙ አልቆይም። እኔ አዘውትሬ የምጠቀመው ኦዲቬሪስ ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። መልኩ አያምርም፤ መጀመሪያ ስትከፍቱት የአውሮፕላን ማብረሪያ ክፍል የገባችሁ ሊመስላችሁ ይችላል። የምወድለት ነገር ግን ምን እንዳነበበና የት እንደተጠራጠረ በራሱ በምስሉ ላይ አሳይቶ እዚያው እንዳርም መፍቀዱ ነው። በክፍያ ፎቶስኮር፣ ስማርትስኮርና ስካንስኮር አሉ። በስልክ ፕሌይስኮር 2 ቶሎ ለማዳመጥ ጥሩ ነው። በኢንተርኔት ደግሞ ሳውንድስላይስ አለ። ኦመር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በአዲሱ የኤአይ ዘዴ የሚሠራ ሲሆን የተጣመመ የስልክ ፎቶን በመቻል ይታወቃል። ሁሉንም በአንድ አስቸጋሪ ገጽ ሞክሯቸውና ለእናንተ የተስማማችሁን ያዙ። የኖታ ፎቶ ለቻትቦት ሰጥቶ «ጻፍልኝ» ማለትን ግን አልመክርም። በልበ ሙሉነት የሌለ ዜማ ይፈጥርላችኋል፤ ከሌሎቹ ስህተት የሚከፋው ደግሞ ዜማው ሊያምር መቻሉ ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ ጋ ደረስን፤ እርማቱ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? የኖታ ሥሩ በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለው ነው፤ ክሌፍ (የትኛው መስመር የትኛው ድምፅ እንደሆነ የሚናገረው)፣ ኪይ ሲግኔቸር (የቁልፉ ሻርፕና ፍላቶች) እና ታይም ሲግኔቸር (እንደ 4/4 ያለው የምት ቁጥር)። አንዲት ኖታ ከተሳሳተች የምትሳሳተው እሷው ናት። ክሌፍ ከተሳሳተ ግን መስመሩ በሙሉ ገደል ገባ።

አንድ ምሳሌ በደንብ ላሳያችሁ። ገጹ ኤፍ ሜጀር ነው እንበል፤ በየመስመሩ መጀመሪያ አንድ ቢ ፍላት አለ። ሦስተኛው መስመር ላይ ያቺ ፍላት ደብዝዛለች። ፕሮግራሙ አላያትም፤ ስለዚህ መስመሩን ሲ ሜጀር ነው ብሎ አነበበው። በዚያ መስመር ላይ ያለችው ቢ ሁሉ ናቹራል ሆነች። አራተኛው መስመር ላይ ፍላቷ ስትመለስ ደግሞ «አሃ፣ ኪይ ተቀየረ» ብሎ አዲስ ምልክት ጨመረ። ይህን ሳታርሙ ወደ ሙዝስኮር ወሰዳችሁት እንበል። ችግሩን አያችሁና ሦስተኛው መስመር ላይ የአንድ ፍላት ኪይ ሲግኔቸር ጣል አደረጋችሁበት። ምን ይሆናል? ሙዝስኮር ድምፁን አይቀይርም። ናቹራል የነበረችው ቢ ናቹራል ሆና እንድትቀጥል ብሎ በየቢዋ ፊት የናቹራል ምልክት ይለጥፍላችኋል። አንድ ስህተት ነበር፤ አሁን መስመሩ ምልክት በምልክት ሆነ። ፕሮግራሙን አትውቀሱት፣ ድምፁን መጠበቅ ሥራው ነው። ክሌፍም እንዲሁ ነው። ቤዝ ክሌፍ መሆን የነበረበት ትሬብል ተብሎ ከተነበበ በኋላ እዚያ ብትቀይሩት የተሳሳተው ድምፅ እንዳለ ይቆይና የኖታዎቹ ቦታ ብቻ ይዘልላል።

ያው እርማት ኖታ አንባቢው ውስጥ እያላችሁ ቢሆንስ? እዚያ ኖታዎቹ ገና በመስመር ላይ የተቀመጡ ቅርጾች ናቸው። ፍላቷን ከምልክቶች ሳጥን ጎትታችሁ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ስታስቀምጧት ድምፁ ሁሉ እንደ አዲስ ይሰላል። ቢዎቹ በአንዴ ቢ ፍላት ይሆናሉ። ስለዚህ የእኔ ሕግ ይህ ነው፦ ክሌፍ፣ ኪይና ታይም ሲግኔቸር ከኖታ አንባቢው ሳይወጡ ይስተካከላሉ። ዓይኔን በገጹ ግራ ጠርዝ ላይ ብቻ ከላይ ወደ ታች አንሸራትታለሁ። ሌላ ምንም አላይም። ይህ ሳያልቅ አንዲትም ኖታ አልነካም።

ምናልባት ነገሩ ካለፈ በኋላ ከደረሳችሁበትና ወደ ኋላ መመለስ ከከበዳችሁ፣ ሙዝስኮር ውስጥ አንዷን ቢ መርጣችሁ በመምረጫው «ተመሳሳይ ድምፅ» ያላቸውን በዚያ መስመር ላይ በአንድ ላይ ያዟቸውና በታች ቀስት አንድ ግማሽ ድምፅ አውርዷቸው። ይሠራል። ግን በየኦክታቩ መድገም አለባችሁ።

በኳየር ኖታ ላይ ከክሌፍ ጋር የሚመጣ አንድ ጣጣ አለ። የቴነር መስመር ብዙ ጊዜ በትሬብል ክሌፍ ይጻፍና ከሥሩ ትንሽዬ 8 ይቀመጣል፤ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ይዘመር ማለት ነው። ያቺ 8 እየተዘለለች ቴነሮቹ ከሶፕራኖ በላይ ሲጮኹ ትሰማላችሁ። ለትንፋሽ መሣሪያም ተመሳሳይ ነገር አለ። ፕሮግራሙ የተጻፈውን ያነባል እንጂ መስመሩ የቢ ፍላት ክላሪኔት መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ከሌሎቹ ጋር ሲጫወት አንድ ቶን ከፍ ብሎ ይሰማል። መሣሪያውን በትክክል ምረጡለት፤ ከዚያ ኖታዎቹ በገጹ ላይ ቦታቸውን ከቀየሩ መልሳችሁ አውርዷቸው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የተጻፈው ከወረቀቱ ጋር ይመሳሰል፣ የሚሰማው ከሌሎቹ ጋር ይስማማ።

የመስመር መጀመሪያዎቹ ሲጸዱ ወደ ባሮቹ፣ በቋሚ መስመር ወደተከፈሉት የምት ክፍሎች። እዚህ ሂሳብ ያግዛችኋል። በ4/4 አንድ ባር ውስጥ ያለው ሁሉ ሲደመር አራት ሩብ መሙላት አለበት። ኦዲቬሪስ ሂሳቡ ያልሞላለትን ባር በሮዝ ቀለም ያሳያችኋል። ሙዝስኮር ደግሞ የተረፈበትን ባር በትንሽ የመደመር ምልክት፣ የጎደለበትን በመቀነስ ምልክት ያመለክታል። ያንን ባር ከምስሉ ጋር አስተያዩት። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከታወቁት አንዱ ነው። የኖታ ነጥብ ተዘልሏል፤ ወይም የስታካቶ (አጥሮ ይመታ የሚለው) ነጥብ ርዝመት የሚጨምር ነጥብ ተደርጎ ተነብቧል። የሁለት ኖታዎች ማያያዣ አግዳሚው ሁለት መሆኑ ቀርቶ አንድ ተብሎ ተቆጥሯል፣ ስለዚህ አሥራ ስድስተኛዎቹ ስምንተኛ ሆነዋል። ትሪፕሌት (በሁለት ኖታ ጊዜ የሚመቱ ሦስት ኖታዎች) ላይ ያለችው 3 ጠፍታለች፤ ወይም ለፒያኖ ጣት የተጻፈች 3 ትሪፕሌት ተብላለች። የሙሉና የግማሽ እረፍትም ይምታታሉ፤ አንዱ ከመስመር ሥር ይንጠለጠላል፣ ሌላው መስመር ላይ ይቀመጣል፣ ሌላ ልዩነት የላቸውም።

ሂሳቡ ግን ሁሉንም አያጋልጥም። ሁለት ስህተት ተቻችሎ ባሩን ሊሞላ ይችላል። ጎደሎ ሆኖ ትክክል የሆነ ባርም አለ፤ ዜማው ከምት በፊት ሲነሳ የመጀመሪያው ባር ለምሳሌ አንድ ምት ብቻ ሊኖረው ይችላል። ፕሮግራሙ ይህን ባር በእረፍት ሊሞላው ይሞክራል። አትፍቀዱለት።

የከበደው ክፍል በአንድ መስመር ላይ ሁለት ሰው ሲዘምር ነው። ሶፕራኖና አልቶ በአንድ ትሬብል መስመር ላይ ይጻፋሉ፤ የሶፕራኖ ዘንግ ወደ ላይ፣ የአልቶ ወደ ታች። ሪትማቸው ሲለያይ ፕሮግራሙ ሁለት የተለያየ ድምፅ መሆናቸውን ከዘንጉ ይገምታል። ሪትማቸው አንድ ሲሆን ግን ብዙ አሳታሚዎች በአንድ ዘንግ ያስሯቸዋል፤ ያኔ ኮርድ (በአንድ ጊዜ የሚመቱ ኖታዎች) ይሆናሉ። ስለዚህ አልቶ በአንዱ ባር ሁለተኛ ድምፅ፣ በሚቀጥለው ባር የኮርድ የታችኛዋ ኖታ ሆና ትገኛለች። ለአልቶዎች ለብቻ ማውጣት ስትፈልጉ ይህ ራስ ምታት ነው። እኔ የማደርገው ባዶ ስታፍ (ባለ አምስት መስመሩን) ከሥር ጨምሬ በሙዝስኮር ኤክስፕሎድ በሚባለው ትእዛዝ ኮርዶቹን ለሁለት መክፈል ነው። ላይኛዋ ላይ ትቀራለች፣ ታችኛዋ ትወርዳለች። ሁለቱ አንድ ኖታ የሚዘምሩባቸውን ቦታዎች ግን በዓይኔ እፈልጋለሁ፤ ኖታዋ ለሁለቱም ወገን መድረሷን አረጋግጣለሁ።

ጥቃቅን ምልክቶች ላይ ጊዜያችሁን አትጨርሱ። ፒያኖ፣ ፎርቴ፣ ክሬሸንዶ የመሳሰሉትን ፕሮግራሙ ግማሹን አግኝቶ ግማሹን ይተዋል፤ ያገኘውንም የተሳሳተ ስታፍ ላይ ያስቀምጠዋል። አንድ በአንድ ከማስተካከል ሁሉንም አጥፍቶ ከወረቀቱ እያዩ መልሶ መጻፍ ይቀለኛል። የድግግሞሽ ምልክቶችን ግን አጥብቃችሁ ተከታተሉ። አንደኛና ሁለተኛ ማብቂያ፣ ዳ ካፖ (ወደ መጀመሪያው ተመለስ)፣ ዳል ሴኞ (ወደ ምልክቱ ተመለስ) ጠፍተው ከሆነ የሙዚቃው ቅርጽ ራሱ ጠፍቷል።

ግጥሙንም እንዲሁ። የላቲን ፊደል ከሆነ ፕሮግራሙ መጠነኛ ሙከራ ያደርጋል። በፊደላችን የተጻፈ ከሆነ ግን እንዲያነብ ባትፈቅዱለት ይሻላል፤ በእጅ መጻፍ ይፈጥናል። ሙዝስኮር ላይ የመጀመሪያዋን ኖታ መርጣችሁ ኮንትሮልና ኤልን ስትጫኑ መጻፊያው ይከፈታል። ሰረዝ ቃሉን ሳይጨርስ ወደ ሚቀጥለው ኖታ ይወስዳችኋል፣ ባዶ ቦታ ቃሉን ጨርሶ ይወስዳል፣ የታች መስመር ደግሞ አንድ ድምፅ በብዙ ኖታ ሲጎተት ያገለግላል። ሳድስ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። «ልብ» ሁለት ፊደል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚዘመረው በአንድ ኖታ ነው። አንድ ፊደል ለአንድ ኖታ እያሉ መሄድ ያሳስታል፤ አፋችሁ እንደሚለው ቁረጡት። ፎንቱን ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ወይም የእኛ ፊደል ያለበት ሌላ አድርጉ፤ አለበለዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት መልኩ ይቀየራል።

ከኖታ አንባቢው ስትወጡ በምን ፎርማት? በሙዚክኤክስኤምኤል። ፋይሉ ተጨምቆ ሲወጣ ኤምኤክስኤል የሚል ቅጥያ ይኖረዋል፤ ያው ነው። የመጀመሪያው እትሙ በፈረንጆቹ 2004 የወጣ ሲሆን ሙዝስኮርም፣ ሌሎቹ መጻፊያዎች ሲቤልየስም፣ ዶሪኮም ያነቡታል። ሚዲን አትጠቀሙ። ሚዲ የሚያውቀው የትኛው ድምፅ መቼ ጀምሮ መቼ እንዳቆመ ነው። ለእሱ ኤፍ ሻርፕም ጂ ፍላትም ቁጥር 66 ናቸው። ስላሩ (ኖታዎችን አያይዞ የሚያስኬደው ቅስት)፣ የዘንጉ አቅጣጫ፣ እረፍቱ የት እንደተጻፈ፣ ያን ሁሉ ላባችሁን ጠብ አድርጋችሁ ያረማችሁትን ይጥለዋል።

ሙዝስኮር ውስጥ ስታስገቡት አንድ ነገር አድርጉ፤ የመስመሮቹ አሰባበር እንደ ወረቀቱ ይሁን። ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው መስመር አራት ባር ከያዘ እናንተም ጋ አራት ይያዝ። ማመሳከሩ በግማሽ ይቀንሳል። ዓይናችሁ ከገጽ ወደ ስክሪን ሲመላለስ ቦታውን አይስትም። ማስዋቡ መጨረሻ ላይ ይደርሳል፣ ያን ጊዜ አሰባበሩን ታነሱታላችሁ። ሲከፈት «ባር 12 ጎድሏል» የሚል ዓይነት ማስጠንቀቂያ ቢመጣ አትደንግጡ። የባር ቁጥሮቹን ጻፏቸውና መጀመሪያ እነሱን እዩ።

ከዚያ ማዳመጥ። ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሱና ወረቀቱን እያያችሁ ስሙት፤ ስክሪኑን ሳይሆን ወረቀቱን። ስክሪኑን ካያችሁ የሰማችሁትና ያያችሁት አንድ ስለሚሆን ስህተቱ ትክክል ይመስላችኋል። መጀመሪያ ሁሉም በአንድ ላይ፣ ቀጥሎ በሚክሰሩ እያንዳንዱን መስመር ለብቻው። ጆሮ ዋናው ዜማ ላይ ንቁ ነው፤ መሃል ያሉትን ድምፆች ግን ይተዋቸዋል። አልቶና ቴነር ውስጥ የተሳሳተች ኖታ በሙሉው ውስጥ ተደብቃ ታልፋለች፤ ለብቻዋ ስትሰማ ግን ወዲያው ታሳብቃለች።

ጆሮ የማይሰማው ስህተትም አለ። ጂ ሻርፕ መሆን ያለባት ኤ ፍላት ተብላ ብትጻፍ ድምፁ ያው ነው፤ ዘማሪዋን ግን ግራ ያጋባታል። ሙዝስኮር ላይ ጄን ስትጫኑ ስሟ ይቀየራል። ታይና ስላርም እንዲሁ ናቸው። በተመሳሳይ ድምፅ መካከል ያለው ቅስት ታይ ነው፣ ሁለተኛዋ አትመታም፤ ስላር ተብሎ ከተነበበ ሁለቴ ትመታለች። ይህኛው ይሰማል፣ ግን ቀስ ባለ ዜማ ውስጥ ያመልጣል። ለእነዚህ አንድ ዙር በዓይን ብቻ እሄዳለሁ፤ ከመጨረሻው ባር ወደ መጀመሪያው። ወደ ኋላ ስሄድ ዜማው ስለማይወስደኝ ያለውን እንጂ የምጠብቀውን አላይም።

ይህ ሁሉ የሚያዋጣው መቼ ነው? አንድ ገጽ የማትሞላ ቀላል ዜማ ከሆነች በቀጥታ በእጅ ጻፏት፣ ስካኑም ይቅር። በእጅ የተጻፈ ኖታ ከሆነም እንዲሁ፤ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የተሠሩት ለታተመ ነው። ብዙ ድምፅ የሚተራመስበት የፒያኖ ገጽ ላይም ማረም ከመጻፍ ሊበልጥ ይችላል። የእኔ መለኪያ የመጀመሪያው ገጽ ነው። እሱን ለማረም የፈጀብኝ ጊዜ በእጅ ከምጽፍበት ከበለጠ ቀሪውን በእጅ እጽፈዋለሁ። በጥሩ ሁኔታ የታተመ፣ ገጹ ብዙ የሆነ የኳየር መጽሐፍ ላይ ግን ፕሮግራሙ ሁሌም ያሸንፈኛል።

የመብት ነገር በአጭሩ፦ ሥራው በመብት የተጠበቀ ከሆነ ወደ ዲጂታል መቀየሩም፣ ለሰው ማደሉም ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ደራሲው ከሞተ ብዙ ዘመን ቢሆነውም እጃችሁ ላይ ያለውን እትም ያሰናዳው ሰው የራሱ መብት ሊኖረው ይችላል። የአገራችሁን ሕግ ተመልከቱ።

ስታስቀምጡ ሦስቱንም በአንድ ፎልደር አኑሩ፤ የስካኑን ምስል፣ የፕሮግራሙን የራሱን ፋይል፣ ሙዚክኤክስኤምኤሉን። የመጨረሻው የግድ ነው። ፊናሌ የሚባለው የኖታ መጻፊያ ከፈረንጆቹ 1980ዎቹ ጀምሮ የቆየ ስመ ጥር ፕሮግራም ነበር፤ ነሐሴ 2016 ላይ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 2024 ማለት ነው፣ ባለቤቶቹ ልማቱን ማቆማቸውን አስታወቁ። ሥራቸውን ሁሉ በእሱ ፋይል ብቻ ያስቀመጡ ሰዎች መሯሯጥ ያዙ። ሙዚክኤክስኤምኤል ያላቸው ሌላ ፕሮግራም ከፍተው ቀጠሉ።

ለተጫዋቾቹ ከማደላችሁ በፊት ደግሞ የባር ቁጥሩን አስተያዩ። ያቺ ጎደሎዋ የመነሻ ባር 1 ተብላ ከተቆጠረች ቁጥሩ እስከ መጨረሻው በአንድ ይዛነፋል። ሙዝስኮር ላይ ባሯን መርጣችሁ በንብረቶቿ ውስጥ ከቁጥር እንድትወጣ አድርጉ። ልምምድ ላይ ግማሹ አሮጌውን ወረቀት፣ ግማሹ አዲሱን ይዞ «ከባር 24» ሲባል ሁሉም ከአንድ ቦታ መነሳት አለበት።